የሙያ ምክር፦ የፕሮሰሰር አደረጃጀት ገለጻ ተምሬ ሥራ አገኛለሁ?

ጥያቄ፦ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ዲቫይስ ትሪ (ሃርድዌሩን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚገልጸው ፋይል) ሳነብ፣ የፕሮሰሰር ኮሮች አደረጃጀት አርምና ሪስክ-ፋይቭ ለሚባሉት ሁለት የፕሮሰሰር አርክቴክቸሮች በአንድ ዓይነት መንገድ እንደሚጻፍ አየሁና ሳበኝ። ጓደኞቼ ግን «ዌብ ተማሪ፣ ይሄ እዚህ አገር ሥራ የለውም» ይሉኛል። ቦርድ የለኝም፤ ያለኝ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ነው። ለተግባር ልምምድ ከመውጣቴ በፊት ጊዜዬን እዚህ ላይ ባውል ያዋጣኛል? ምን ሠርቼ ላሳይ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ጓደኞችሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። በዚህ ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ አዳማም አዲስ አበባም አትጠብቂ፤ ውጭ አገርም ቢሆን ርዕሱ ብቻውን የሥራ መደብ አይሆንም። መደቡ የሚጠራው የኤምቤድድ ሊኑክስ መሐንዲስ ወይም የፈርምዌር መሐንዲስ ተብሎ ነው። አዲስ ቦርድ ሲመጣ ሊኑክስ እንዲነሳበት የሚያደርጉት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ የፕሮሰሰር አደረጃጀት ከሚጽፉት የሃርድዌር ገለጻ ውስጥ ጥቂት መስመሮችን ብቻ ይይዛል። በጥቂት ወራት ውስጥ ገቢ የግድ ከሆነብሽ ዌቡን አስቀድሚ፤ ይህን በሳምንት ሁለት ምሽት ያዢው። ፋታ ካለሽ ግን ለመጀመሪያ የሥራ ማስረጃ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ማግኘት ይቸግራል። ትንሽ ነው፣ ያለ ቦርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈተሻል፣ በሁለት አርክቴክቸር ላይ ሠርተሽ ታሳዪበታለሽ።

መጀመሪያ ነገሩን በትክክል ያዢው። በዲቫይስ ትሪ ውስጥ «ሲፒዩስ» የሚባል ኖድ (የገለጻው አንድ ክፍል) አለ፤ እያንዳንዱ ሲፒዩ በሥሩ የራሱ ኖድ አለው። በዚህ ደረጃ አርክቴክቸሮቹ ይለያያሉ። የአርም ሲፒዩ «ሬግ» የሚባለው መስመር የሚያሳየው «ኤምፒአይዲአር» ከሚባለው ሬጅስተር የሚገኘውን መለያ ነው፤ የሪስክ-ፋይቭ ደግሞ የሃርት (በሪስክ-ፋይቭ አጠራር የአንድ ሲፒዩ) ቁጥር ነው፣ በውስጡም የራሱ የኢንተረፕት መቆጣጠሪያ ኖድ ይኖረዋል። የጋራ የሆነው «ሲፒዩ-ማፕ» የሚባለው ክፍል ነው። ሶኬት (አንድ ሙሉ ቺፕ) በውስጡ ክላስተር (የኮሮች ቡድን) ይይዛል፣ ክላስተር ኮር ይይዛል፣ ኮር ካስፈለገው ትሬድ ይይዛል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ኖድ ወደ አንድ ሲፒዩ በፒ-ሃንድል (የኖድ መጠቆሚያ ቁጥር) ይጠቁማል። ሶኬት ካልተጻፈ አንድ ሶኬት ብቻ እንዳለ ይቆጠራል። ይህ ገለጻ ቀድሞ የአርም ነበር። በ2019 በሊኑክስ አበልጻጊዎቹ በአቲሽ ፓትራና በሱዲፕ ሆላ ሥራ ሰነዱ ወደ ጋራ ቦታ ተዛወረ፤ የሚያነበውም ኮድ ከአርም 64 ማውጫ ወጥቶ «ድራይቨርስ» ሥር ባለው «ቤዝ» ማውጫ ውስጥ «አርክ-ቶፖሎጂ» በተባለው ፋይል ተቀመጠ። ያን ፋይል ከላይ እስከ ታች አንብቢው። ከማንኛውም ቪዲዮ የበለጠ ያስተምርሻል።

ለልምምዱ ኪውኢሙ (ሌላ ኮምፒውተርን በላፕቶፕሽ ላይ አስመስሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ይበቃሻል። «ቨርት» የተባለውን ማሽን ለአርም 64 አስነሺ፤ የሲፒዩውን ዓይነት ኮርቴክስ-ኤ53 ወይም ኤ57 ብለሽ ራስሽ ምረጪ። ዝም ብለሽ ከተውሽው የሚሰጥሽ 32 ቢት የሆነውን ኤ15 ነው፤ 64 ቢቱ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) አንዲት ፊደል ሳያሳይ ይቀራል፣ አንቺም ስህተቱን ሌላ ቦታ ስትፈልጊ ትውያለሽ። 6 ሲፒዩ፣ 1 ሶኬት፣ 2 ክላስተር፣ በየክላስተሩ 3 ኮር ብለሽ እዘዢ። «ደምፕ-ዲቲቢ» የሚለውን የማሽን አማራጭ ስትጨምሪ ገለጻውን ፋይል ላይ ጽፎ ይወጣል። ዲቲቢ የሚባለውን ይህን ፋይል ዲቲሲ በተባለው የዲቫይስ ትሪ መለወጫ ወደሚነበብ ጽሑፍ ለውጪው፤ ፒ-ሃንድሎቹ በስም ሳይሆን በቁጥር ስለሚወጡ የትኛው ኮር ወደ የትኛው ሲፒዩ እንደሚጠቁም በወረቀት ላይ አዛምጂ። የሪስክ-ፋይቩ ቨርት ማሽን ሲፒዩዎቹን በአንድ ክላስተር ሥር ነው የሚያወጣቸው፤ ሁለት ክላስተር ለማድረግ ጽሑፉን በእጅሽ ቀይረሽ፣ መልሰሽ ወደ ዲቲቢ ለውጠሽ፣ በ«ዲቲቢ» አማራጭ ለኪውኢሙ ስጪው። የሲፒዩ ብዛቱ ፋይሉን ስታወጪ ከሰጠሽው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ኢንተርኔት እንዳይጎዳሽ የከርነሉን ሙሉ የጊት ታሪክ አታውርጂ፤ ብዙ ጊጋባይት ነው። ለመነሻ ዴቢያን 13 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት የኔትቡት ከርነልና ኢኒትአርዲ (ሲነሳ የሚጫነው የመጀመሪያ ፋይል ሥርዓት) ይበቃል፤ ዴቢያን ሪስክ-ፋይቭን በይፋ የደገፈው ከዚህ እትም ጀምሮ ስለሆነ ለሁለቱም አርክቴክቸር ከአንድ ቦታ ታገኚያለሽ። ከኢንስታለሩ ምናሌ ሼል (የትእዛዝ መጻፊያ) ክፈቺ። ቆይቶ የምንጭ ኮዱ ሲያስፈልግሽ የአንዱን እትም የተጨመቀ ፋይል ብቻ አውርጂ፤ እሱም ከ130 ሜጋባይት በላይ ነው። ከርነሉ ከ6.0 ያነሰ እንዳይሆን። ከዚያ በፊት ክላስተር እንደ ፊዚካል ፓኬጅ ይቆጠር ስለነበር አንድ ቺፕ ሁለት ሶኬት መስሎ ይታይ ነበር፤ በ2022 ነው የተስተካከለው። አሮጌ ትምህርቶች ያንን የድሮ ውጤት ስለሚያሳዩ ግራ አትጋቢ።

ሲነሳልሽ «ሲስ» በሚባለው የከርነሉ መረጃ ማውጫ ሥር ባለው የእያንዳንዱ ሲፒዩ «ቶፖሎጂ» ማውጫ ውስጥ የኮር፣ የክላስተርና የፊዚካል ፓኬጅ መለያዎችን አንብቢ። ከዚህ በኋላ ያለው የዚህ ሥራ ዋና ክፍል ነው፤ ገለጻውን ሆን ብለሽ አበላሺው።

ከቁጥር ዝላይ ጀምሪ። በአንዱ ክላስተር ውስጥ ኮር0፣ ኮር1፣ ኮር3 ብለሽ ጻፊ። ከርነሉ ከ0 ጀምሮ እየቆጠረ ይፈልጋል፤ ኮር2ን ሲያጣ እዚያው ያቆማል፣ ኮር3ን አያየውም። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲፒዩ ቦታ ማግኘቱን ሲያረጋግጥ አንዱ ይጎድላል፤ በዚህ ጊዜ ያነበበውን ሁሉ ይጥላል እንጂ በጎደለ መረጃ አይሠራም። ማሽኑ ግን ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ምልክቱ የክላስተር መለያው በሁሉም ሲፒዩ ላይ −1 መሆኑ ነው። ሁለት ኮሮች ወደ አንድ ሲፒዩ ቢጠቁሙም ውጤቱ ይኸው ነው፣ ሌላኛው ሲፒዩ ያለ ቦታ ስለሚቀር። ኮርን በቀጥታ በሲፒዩ-ማፕ ሥር ብታስቀምጪ፣ ወይም አንድ ኮር ሲፒዩም ትሬድም ቢኖረው፣ ከርነሉ በቡት መልእክቱ ላይ ይናገራል፤ ቃሉን ገልብጠሽ ያዢ። ክላስተር በክላስተር ውስጥ መጻፍ ገለጻው ይፈቅዳል፤ ሊኑክስ ግን እንደማይደግፈው አስጠንቅቆ ያልፋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ማንም የማይዘው ነው። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ አንድ ሲፒዩ በሌላው ክላስተር ውስጥ ቢጻፍ ከርነሉ አምኖ ይቀበላል፤ የአጻጻፍ ሕግ የሚፈትሸው መሣሪያም ያልፈዋል። ጉዳቱ የሚታየው ሼድዩለሩ (ሥራን ለኮሮች የሚያከፋፍለው የከርነሉ ክፍል) ካሽ የማይጋሩ ኮሮችን እንደ ጎረቤት ቆጥሮ ሥራ ሲያከፋፍል ነው፤ ማሽኑ ይሠራል፣ ግን ከአቅሙ በታች። ማመሳከሪያው በየሲፒዩው ኖድ ያለው «ኔክስት-ሌቭል-ካሽ» እና የቺፑ አምራች መመሪያ ናቸው። በእውነተኛ ቦርድ ላይ ይህን ለይቶ የሚያገኝ ሰው ዋጋ አለው፤ ቀጣሪ ፊት አፍታተሽ መናገር ያለብሽም ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ጨምሪ፦ የኮሮች አቅም። ሮክቺፕ አርኬ3399 የተባለው ቺፕ አራት ኤ53 እና ሁለት ኤ72 ኮሮች አሉት፤ በከርነሉ ፋይል «ካፓሲቲ-ዲሚፕስ-ሜኸዝ» ለኤ53 485፣ ለኤ72 1024 ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ በአንድ ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ስለሚያሳይ ድግግሞሹ ይባዛበታል። ኤ53 እስከ 1416፣ ኤ72 እስከ 1800 ሜጋኸርዝ ከሄዱ የትንሹ ኮር የመጨረሻ አቅም 485 ሲባዛ በ1416 ሲካፈል ለ1800 ነው፤ 381 ይመጣል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ኪውኢሙ ላይ ብትሞክሪያቸው ድግግሞሽ ስለማይገለጽ 485 ራሱ ይነበባል፤ ልዩነቱን በሪፖርትሽ አብራሪው። ከአንድ ሲፒዩ ላይ ብቻ ብትሰርዢው የሁሉም አቅም 1024 (ከፍተኛው) ይሆናል። አቅሙ የሚነበበው ሲፒዩ-ማፕ ሲነበብ ስለሆነ ማፑን ካጠፋሽ አርም 64 ላይ አቅሙም አብሮ ይጠፋል። ይህን ሞክሮ ያየ ተማሪ ብዙ አይደለም።

ለማስረጃ የሚሆንሽ አንድ የኮድ ማከማቻ ነው፤ ለሁለቱም አርክቴክቸር ትክክለኛው ገለጻ፣ እያንዳንዱ የተበላሸ ገለጻ ከቡት መልእክቱና ከተነበቡት መለያዎች ጋር፣ ሁሉንም የሚያስኬድ አንድ ስክሪፕት። በእያንዳንዱ ስህተት ሥር ከርነሉ ለምን እንዲያ እንዳደረገ የኮዱን ቦታ ጠቅሰሽ ሦስት መስመር ጻፊ። «ዲቫይስ ትሪ አውቃለሁ» የሚል የሲቪ መስመር ማንም ይጽፋል፤ ይህን ግን የሠራው ብቻ ነው የሚያሳየው።

ቀጥሎ ወደ ከርነሉ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ለመላክ አትፍሪ፤ ግን ከሲፒዩ-ማፕ አትጀምሪ፣ ቦርድ በእጅሽ ስለሌለ የምትለውን በሃርድዌር ማረጋገጥ አትችዪም። የአጻጻፍ ሕግ የሚፈትሸው «ዲቲቢኤስ-ቼክ» የሚያወጣቸውን ማስጠንቀቂያዎች አንብቢና ያለ ሃርድዌር ሊታረም የሚችለውን ምረጪ። ፓች በተራ ጽሑፍ ኢሜይል ይላካል፤ የባይንዲንግ (የአጻጻፍ ሕግ ሰነድ) ለውጥና የቦርድ ፋይል ለውጥ በተለያየ ፓች ይሆናሉ። ሊኑክስ እንዲህ እንዲያደርግልኝ ብለሽ ምክንያት ከሰጠሽ ይመለስብሻል። ዲቫይስ ትሪ የሚገልጸው ሃርድዌሩን ነው፤ እንደ ዩ-ቡት፣ ዜፊርና ፍሪቢኤስዲ ያሉ ከሊኑክስ ውጭ ያሉ ሶፍትዌሮችም ይጠቀሙበታል። የተቀበሉሽ ሁለት ሦስት ፓቾች ካሉሽ በሊኑክስ ፋውንዴሽን የከርነል ሜንተርሺፕ ፕሮግራም ለማመልከት ጥሩ መሠረት ነው።

የተግባር ልምምዱን በተመለከተ፣ አዳማ ውስጥ ስታመለክቺ «ከርነል» በሚል ቃል ብቻ አትሂጂ። በኢንዱስትሪ ፓርኩም ሆነ በነፋስ ኃይል ማመንጫው ለመቆጣጠሪያና ለመለኪያ መሣሪያዎች ክፍል ጻፊ፤ ጥያቄሽም ሊኑክስ የሚሠራባቸው ጌትዌይ ወይም ዳታ መሰብሰቢያ መሣሪያዎች ካሉ እነሱ ላይ መመደብ እንደምትፈልጊ ይሁን። ካሉና ከተፈቀደልሽ በሲሪያል ኮንሶል ገብተሽ ዲቫይስ ትሪውን ከ«ፕሮክ» ሥር ማንበብ ትችያለሽ፤ ሥራ ላይ ባለ መሣሪያ ላይ ግን ምንም እንዳትቀይሪ። ከደብዳቤው ጋር የማከማቻሽን አድራሻና አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዢ፤ አማካሪ መምህርሽ ማብራሪያውን አስቀድመው እንዲያዩልሽ ጠይቂያቸው።