«ስሜን አካቱልኝ»፦ የግሩፕ ሥራ፣ መሪነትና የጣና ዳር ፕሮጀክት

ጥያቄዎቹ ከባሕር ዳርና ከአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ እንዲሁም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊና የፔዳ ግቢ ተማሪዎች የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹ ተጠቃለዋል።

ጥያቄ፦ 5 ሆነን ተመደብን፤ የምንሠራው ግን ሁለት ነን። ሌሎቹ ማስረከቢያው ሲደርስ «ስሜን አካቱልኝ» ይላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሰነፍ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ግን ሥራው ከመጀመሪያውም አልተከፋፈለም። ግሩፓችሁ በደቦ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ደግሶ ይጠራል፣ የመጣ ይመጣል። የሚያዋጣችሁ ወንፈል ነው። አንድ ቀን ያረሰልህን ሰው አንድ ቀን ታርስለታለህ፤ ቀኑ ይቆጠራል።

በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ 4 ዓምድ አስምሩ፦ ሥራው፣ ባለቤቱ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ማለቁ በምን እንደሚታወቅ። ሁሉም የሚዘለው አራተኛውን ነው፤ ጭቅጭቁ የሚነሣውም ከዚያው ነው። «ኮዱን መሥራት» ተብሎ የተጻፈ ሥራ መቼም አያልቅም። «ሴንሰሩ በየ10 ሰከንዱ ርቀቱን በሴንቲ ሜትር እንዲያወጣ ማድረግ» ከተባለ ግን ማንም መጥቶ አይቶ አለቀ ወይም አላለቀም ማለት ይችላል። ከ3 ቀን በላይ የሚወስደውን ለሁለት ክፈሉት። ሁለት ስም የተጻፈበት ሥራ ባለቤት የለውም፤ አንዱን ሰርዙ።

መምህሩ ከፈቀደላችሁ ከ5 ሰው አትለፉ። 5 ሰው እርስ በርሱ ለመነጋገር 10 ጥንድ ይሆናል፤ 8 ሰው ግን 28። ሰንጠረዡን ከሪፖርቱ ጀርባ አያይዙት፣ ያኔ ስም ስለማካተት መከራከር አይኖርም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግሩፕ ሊደር ሆኜ ሁሉንም ራሴ እየሠራሁ አድራለሁ። ለሌላ ስሰጥ ይበላሽብኛል።

መልስ፦ ይበላሽ። ገና በሁለተኛው ሳምንት ከሆነ ለማረም ጊዜ አለ፤ ችግር የሚሆነው ለመጨረሻው ሌሊት ሲተርፍ ነው። የአንቺ ድርሻ የተያዘውን ማስለቀቅ ነው፦ ዕቃ ላጣው ከቤተ ሙከራ ማስፈቀድ፣ ያልገባውን ከሚያውቅ ጋር ማገናኘት። በሳምንት ሁለቴ 15 ደቂቃ፣ ቆማችሁ ተሰብሰቡ። እያንዳንዱ ምን እንደጨረሰ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚይዝ፣ ምን እንዳገደው ይናገር። ‹ድር ቢያብር› ብሎ ስብሰባ መክፈት ይቅር፤ 5 ደቂቃ ይበላል።

አንዱ ቀኑን ካሳለፈ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ አትውቀሺው፤ ለብቻው ጠይቂው። ብዙውን ጊዜ ላፕቶፕ የለውም፣ ወይም አልገባውም ግን አፍሯል። ሥራውን አሳንሰሽ አዲስ ቀን ስጪው። ሦስተኛ ጊዜ ከደገመ ሰንጠረዡን ይዘሽ ለመምህሩ ንገሪ፤ ይህ ማሳበቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ የጣናን የውኃ ከፍታ በኡልትራሶኒክ ሴንሰር እንለካለን። ከውኃው 2 ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ሰቅለነዋል። ቀን ላይ ሐይቁ ከጠዋቱ በ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል። አንድ ሰው ይህ የሚሆነው ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስላለች ነው አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ መሆኑ ልክ ነው፤ የድምፅን ፍጥነት የሚቀይረው ግን ሙቀት እንጂ የአየር ግፊት አይደለም። ሴንሰሩ የሚለካው ድምፁ ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ ነው፤ ርቀቱን የሚያሰላው ኮዳችሁ ነው። ኮዱ ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ብላችሁ ቆልፋችኋል መሰለኝ። ያ ለ20 ዲግሪ ነው። በ15 ዲግሪ 340፣ በ28 ዲግሪ 348 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ 2 ትንሽ ይበልጣል፤ በ2 ሜትር ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ጠዋት አየሩ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይዘገያል፣ ኮዱ ውኃው ራቀ ይላል። ቀን ይገለበጣል።

ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር ጨምሩ፤ በዳታውና በ5 ቮልት መስመሮቹ መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይገባል። ፍጥነቱን ለማስላት 0.6ን በዲግሪው አባዙና 331.3 ደምሩበት። የሙቀት ሴንሰሩን ጥላ ውስጥ አድርጉት፤ ፀሐይ ከመታው የአየሩን ሙቀት አይናገርም።

ሌላው ማዕበል ነው። 15 ጊዜ ለኩና ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መሃል ላይ ያለውን ውሰዱ። አማካይ አትውሰዱ፤ ሴንሰሩ በስህተት አንድ ጊዜ ደንገል ቢመታ አማካዩ በሙሉ ይጎተታል። ደንገልና እምቦጭ ከሌለበት፣ ታንኳም ከማይቆምበት ቦታ ስቀሉት። እግራችሁን ውኃው ውስጥ አትንከሩ፤ ብልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ።

የሙቀቱን ስህተት የሚያገኘው ከኮድ ጸሐፊው ይልቅ ሰዓትና ሙቀት የሚመዘግበው ልጅ ነው። ስለዚህ መዝገብ መያዝን ‹ለማይችለው› ልጅ የሚጣል ሥራ አታድርጉት።

ጥያቄ፦ ሲም800ኤል የተባለው የሞባይል መልእክት መላኪያ ሞጁላችን ኤስኤምኤስ ሊልክ ሲል ጠፍቶ ይነሣል።

መልስ፦ ኃይል አነሰው። ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል፣ ቮልቴጁም ከ3.4 እስከ 4.4 መካከል መሆን አለበት። ኮዱን ከሚያስኬደው ትንሽ ሰሌዳ፣ ከአርዱኢኖው፣ 5 ቮልት ላይ አትቀጥሉት። አንድ የሊቲየም ባትሪ፣ አጠገቡ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አጭርና ወፍራም ሽቦ። የባትሪውና የአርዱኢኖው ግራውንድ (ኔጌቲቭ መስመር) ይገናኝ፤ ይህ ሲረሳ ሞጁሉ ተቃጠለ ተብሎ ሌላ ይገዛል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ ሁለት ብቻ ነው ያለን፣ መብራት ይሄዳል፣ ኢንተርኔትም የለም። ‹ፋይናል›፣ ‹ፋይናል 2›፣ ‹የመጨረሻው ፋይናል› የሚባሉ ፋይሎች ተደባልቀውብናል።

መልስ፦ ጊት ተጠቀሙ፤ በፋይል ላይ የተደረገን ለውጥ ሁሉ በቅደም ተከተል የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ብዙዎች ኢንተርኔት የሚፈልግ ይመስላቸዋል፤ አይፈልግም። የጋራውን ማከማቻ ፍላሽ ላይ ፍጠሩት፤ እያንዳንዱ ላፕቶፕ ከዚያ ይወስዳል፣ ወደዚያ ይመልሳል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ውሰዱ፣ ከመነሣታችሁ በፊት መልሱ። በየመለወጫው ምን እንደተቀየረ አንድ መስመር ጻፉ፤ «አስተካከልኩ» አይበቃም፣ «የሙቀት ስሌት ገባ» ይበቃል። ፍላሽ ይጠፋል፣ በቫይረስም ይበላሻል፤ ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

ጥያቄ፦ ኮዲንግ በነጻ የት እንማር?

መልስ፦ በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ ነው፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። ሁለት ሆናችሁ ተመዝገቡ፤ ብቻውን የጀመረ መሃል ላይ ይተወዋል።

ጥያቄ፦ የውጭ ውድድር ገብተን ማስረከቢያው አለፈብን። ሰዓቱ 11፡59 ይል ነበር።

መልስ፦ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) የማታ 11፡59 ከሆነ በእኛ ሌሊት 8፡59 ነው። እናንተ ግን የእኛ 11፡59 አድርጋችሁት፣ ማታ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል አልደረስንም ብላችሁ ትታችሁት ይሆናል። ከሆነ 9 ሰዓት በእጃችሁ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር፣ «ጠዋት» ወይም «ሌሊት» የሚለው ቃል ሳይቀር ይጻፍ። ኮዱ ውስጥ ዩቲሲ ይቀመጥ፤ ለሰው ስታሳዩ 3 ደምራችሁ ወደ አገራችን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ቀይሩት፣ ከዚያ ላይ 6 ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ፕሬዘንቴሽኑን ማን ያቅርብ? እንግሊዝኛ የሚችለው ይበቃል?

መልስ፦ እያንዳንዱ የሌላውን ክፍል ያቅርብ። ያልሠራኸውን ለማስረዳት መጠየቅ አለብህ፤ ያን ጊዜ ነው ሁላችሁም ፕሮጀክቱን የምታውቁት።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነኝ። ኮምፒዩተርም ሴንሰርም የለንም፤ ስልክ ብቻ ነው ያለን። የሐይቁን ከፍታ መለካት በምን እንጀምር?

መልስ፦ በዘንግ። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉና ከጀልባ መቆሚያው ምሰሶ ጋር እሰሩት። 4 ሆናችሁ ተራ ግቡ፤ በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ከመቆሚያው ላይ ሆኖ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ፎቶ ያነሣል። ቁጥሩን ስልክ ላይ ባለ የሠንጠረዥ አፕ መዝግቡ። ሐይቁ በሰኔ መግቢያ ዝቅ ብሎ በመስከረም አካባቢ ይሞላል፤ ከግንቦት ከጀመራችሁ መውረዱንም መሙላቱንም ታገኛላችሁ። ዘንጉ ከተነቃነቀ ቀኑን ጻፉና አዲስ ዓምድ ክፈቱ፤ የቀድሞውን ቁጥር ግን አትሰርዙ።