ኦታኒ ለምን በነጻ ሄደ?

ጥያቄ፦ እኛ በእግር ኳስ የለመድነው፣ ክለብ የተጫዋቹ ውል ሳያልቅ ሸጦ ዋጋውን ሲቀበል ነው። ኤንጀልስ የተባለው የአሜሪካ ቤዝቦል ክለብ ሾሄይ ኦታኒን የሚያህል ኮከብ ያለ ዝውውር ገንዘብ እንዴት አጣ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቤዝቦል ኮከብ የሚለወጠው በአብዛኛው በገንዘብ ሳይሆን በሌሎች ተጫዋቾች ነው። ክለቦች ውልን በየዓመቱ እያደሱ ተጫዋቹን እስከ መጨረሻው አስረው የሚያቆዩበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1975 በግልግል ዳኛ ውሳኔ ከፈረሰ ወዲህ፣ በከፍተኛው ሊግ ስድስት የአገልግሎት ዓመት የሞላውና ውል የሌለው ተጫዋች ወደ ፈለገው ይሄዳል። አስተዋይ ባለቤት ታዲያ ቀኑ ሳይደርስ ይወስናል። የዋሽንግተኑ ክለብ ናሽናልስ፣ ኮከቡ ሁዋን ሶቶ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ባለ ጊዜ፣ በ2022 ለሳንዲዬጎ ክለብ ሰጥቶ ተስፋ የተጣለባቸውን ወጣቶች ወሰደ።

ኤንጀልስ ግን በ2023 ክረምት፣ ለጥሎ ማለፍ እንደርሳለን በሚል ተስፋ፣ ኦታኒን አልለወጠም፤ አልደረሰምም። በእኔ እይታ ይህ ለዋጋ ሲያመነታ የባቲ ገበያ እንደ ተፈታበት የግመል ነጋዴ መሆን ነው። በታኅሣሥ ወር ኦታኒ ዶጀርስ ለተባለው ክለብ የ10 ዓመት፣ የ700 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም፣ ኤንጀልስ በማካካሻነት ያገኘው ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት የቀጣዩ ዓመት ምልመላ አንድ ተጨማሪ ተጫዋች የመምረጥ ዕድል ብቻ ነው።

ገንዘቡ ብቻውን አያስገርምም፤ አከፋፈሉ ነው እንጂ። ኦታኒ በውሉ ዘመን በየዓመቱ የሚቀበለው 2 ሚሊዮን ሲሆን፣ 680 ሚሊዮኑ ከ2034 ጀምሮ ያለ ወለድ ይከፈለዋል፤ ዶጀርስም በዚህ መንገድ ሌሎች ኮከቦችን የሚያስፈርምበት ገንዘብ ተረፈው።