ደረሰኙ ላይ «ሌንስ» ብቻ እንዳይጽፉልሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። ካኖን 700ዲ ካሜራ ከ18-55 ሌንሱ ጋር አለኝ። ለሰርግም፣ ለጥምቀትም፣ ለጉዞም የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ አንድ ሌንስ ጠቁሙኝ» ነው ያልሽው። እኔ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ ነኝ። ካሜራዬም ያው 700ዲ ነው። ሥራዬ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የተማሪ ምርቃት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የመንዝ ጓሳን ጥብቅ ቦታ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ተከትሎ መውጣት ነው። ያንቺም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

መልሱ አጭር ነው፦ ካኖን ኢኤፍ-ኤስ 18-135 አይኤስ ኤስቲኤም፣ ያገለገለ። 18-135 የሚለው ከሰፊው ዕይታ እስከ ማቅረቢያው ያለው የሌንሱ ርቀት በሚሊ ሜትር ነው፤ አይኤስ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያው፣ ኤስቲኤም ደግሞ ብዙ ድምፅ የማያሰማ የፎከስ (ምስል ማጥሪያ) ሞተሩ ነው። ሌላ ስታስሺ አትድከሚ። ነገሩን የማስረዝመው አገዛዙን ልንገርሽ ብዬ ነው። ሰው ብሩን የሚበላው እዚያ ላይ ነው።

1. ርቀቱ ይበቃሻል። በ18 ሚሊ ሜትሩ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሙሽሮቹን ከነሚዜዎቻቸው ታስገቢያለሽ። በ135ቱ ደግሞ ታቦት ሲወጣ ሰው ሳትገፊ የካህኑን ፊት ታመጫለሽ። የ700ዲ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሹ ዓይነት ስለሆነ ቁጥሩን በ1.6 አባዢው፤ 135 ሲባል በፉል ፍሬም፣ በትልቁ ሴንሰር፣ 216 እንደማለት ነው። ክብደቱ 480 ግራም ነው፣ አንገት አይቆርጥም። ከሁሉም በላይ ሜዳ ላይ ሌንስ መቀየር ይቀርልሻል። የጥር ነፋስ ምን ያህል አቧራ እንደሚያነሳ ታውቂያለሽ። አንድ ብናኝ ሴንሰሩ ላይ ካረፈ፣ በተለይ አፐርቸሩን (የብርሃን ቀዳዳውን) ስታጠቢው፣ የዚያ ቀን ሰማይ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይወጣል።

2. «18-200 እያለ ለምን 135?» የሚሉሽ ይመጣሉ። ይበሉ። የካኖኑ 18-200 595 ግራም ነው። ወደ ታች ሲንጠለጠል ዙሙ በራሱ ጊዜ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ካኖንም አውቆት ነው መቆለፊያ ያደረገለት። የፎከስ ሞተሩም የድሮ ዓይነት ስለሆነ ቪዲዮ ላይ ድምፁ ይገባል። ዛሬ ቪዲዮ የማይጠይቅ ሰርገኛ ካለ አሳዪኝ።

3. ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቢ። 18-135 የሚባለው የካኖን ሌንስ አንድ አይደለም። በፈረንጆቹ 2009 የወጣው አይኤስ ብቻ የሚል ነው። በ2012 የወጣው አይኤስ ኤስቲኤም ይላል። በ2016 ደግሞ ሌላ ዓይነት ሞተር ያለው፣ ናኖ ዩኤስኤም የሚሉት መጣ። ሦስቱም ፊታቸው 67 ሚሊ ሜትር ፊልተር ነው የሚቀበለው፣ ከሩቅ አይለዩም። ይህን የምነግርሽ በእኔ የደረሰው በማንም እንዳይደርስ ነው።

አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ ነበር የገዛልኝ። ስሙን አንድ በአንድ በስልክ ነግሬዋለሁ። ባለሱቁንም በስልኩ አናግሬዋለሁ። «ኤስቲኤም ነው ጋሼ፣ ካርቶኑን ልጁ ያይልዎት» አለኝ። ካርቶኑ እውነትም ኤስቲኤም ይል ነበር። በመኪና ተልኮ መጣልኝ፣ ካሜራው ላይ ገጠምኩት፣ ፎቶው ጥሩ ነው። ከዚያ የአንድ ዘመዳችን ሰርግ ላይ ሽማግሌው ቆመው ሲመርቁ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ማታ ከፍቼ ሳዳምጥ በምርቃታቸው መሃል «እርርር፣ እርርር» የሚል ድምፅ አለ። ሌንሱ ፎከስ ሲፈልግ ነው። ፈትቼ ጎኑን ባየው፣ ኤስቲኤም የሚል ጽሑፍ የለም። የ2009ኙ ነው። ካርቶኑ የሌላ፣ ሌንሱ የሌላ።

አዲስ አበባ ወረድኩ። ከላምበረት መናኸሪያ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። እንግዲህ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አገራችን ውስጥ አለ። ማስታወቂያ መለጠፍ ከሕግ አይበልጥም ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት አቤት ልል ገባሁ። ከአንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ሲመሩኝ ዋልኩ። በመጨረሻ የደረስኩባት ልጅ ስልኳን ሳታስቀምጥ ደረሰኝ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። አየችው። «ሌንስ፣ አንድ፣ ይላል» አለች። አዎ አልኳት። «ሌንስ ነው የሸጡልህ?» አዎ። «ታዲያ ምን ጎደለ?»

ልክ ነበረች፣ ነገሩ የሚያናድደው ለዚያ ነው። ባለሱቁ ደረሰኙ ላይ «ሌንስ 1» ብሎ ነው የጻፈው። ዓይነቱ የለም፣ መለያ ቁጥሩ የለም። ኤስቲኤም ልሸጥልህ ብሎ እንደነበር የሚመሰክርልኝ ባዶ ካርቶን ብቻ ነው። የነገሩን ጉድለት ግን በትሕትና መንገር ይቻል ነበር። «አባቴ፣ በዚህ ወረቀት ልረዳዎት አልችልም» ማለት ስንት ይፈጃል? ካገር ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ካሜራና ማጭድ የማይለይ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ አደራሽን፣ ደረሰኙ ላይ ሙሉ ስሙን አስጽፊ፦ «ካኖን ኢኤፍ-ኤስ 18-135 አይኤስ ኤስቲኤም፣ መለያ ቁጥር ይህን ያህል»። ቁጥሩን ከሌንሱ ላይ ራስሽ አንብበሽ አስጽፊ፣ ከካርቶኑ ላይ አይደለም። አልጽፍም ካለ ብርሽን ይዘሽ ውጪ። ያገለገለ ከግለሰብ ስትገዢም ብጣሽ ወረቀት ላይ ይሁን እንጂ አስጽፈሽ አስፈርሚ።

የራስሽን ካሜራና ሚሞሪ ካርድ ይዘሽ ሂጂ፣ በቀን ብርሃን። መጀመሪያ ሌንሱን ማኑዋል (በእጅ ፎከስ ማድረጊያ) ላይ አድርገሽ የፎከስ ቀለበቱን አዙሪው። ኤስቲኤም ከሆነ መቆሚያ የለውም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ካሜራው ጠፍቶ ብታዞሪውም ምንም አይፈጠርም፤ ፎከሱን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ነው። የድሮው ግን ጫፍና ጫፍ ላይ ገጭ ብሎ ይቆማል። ይህን ባለሱቅ አይወደውም፣ አንቺ ግን አድርጊው። ቀጥሎ ቪዲዮ ከፍተሽ ስክሪኑን እየነካሽ ፎከስ አስደርጊው፣ ጆሮሽን ጣይበት።

ከዚያ የስልክሽን መብራት ከኋላ አብርተሽ ከፊት ተመልከቺ። ብናኝ ቢኖር ግድ የለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ካየሽ ፈንገስ ነው፣ በነጻ ቢሰጡሽም ተዪው። መጨረሻ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመሽ በ18ም በ135ም አንሺና አጉልተሽ ጠርዞቹን እዪ። አንዱ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ከደበዘዘ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ካሜራው «ኤረር 01» ካለሽ ደግሞ ሌንሱና ካሜራው በደንብ አልተገናኙም፤ ሌንሱ ኋላ ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች በጨርቅ ጥረጊና ድገሚ፣ ካልተወው አትግዢ።

ዋጋ ስንት ነው እንዳትዪኝ። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የምጽፍልሽ ቁጥር ነገ ያሳፍረኛል። ግን ጊዜው ለአንቺ ጥሩ ነው። አቅም ያላቸው ባለሙያዎች ወደ ሚረርለስ (መስተዋት አልባው አዲስ ዓይነት ካሜራ) እየዞሩ የድሮ ሌንሳቸውን ይሸጣሉ። እኔም አሁን ያለኝን ትክክለኛውን ኤስቲኤም ያገኘሁት እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ሚረርለስ ከገዛ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። ፊቱ ቆሜ ሁሉንም ፈተናዬን ፈተንኩት፣ እየሳቀ ጠበቀኝ። የድሮውን ደግሞ ቪዲዮ ለማያነሳ ልጅ፣ ጉዱን ነግሬ ሸጥኩለት። ለፎቶ ብቻ ከሆነ አይጠላም። አንቺም አንድ ቀን የካኖን ሚረርለስ ብትገዢ በአዳፕተር (በማገናኛ) ስለሚገጥም ሌንሱ አይሞትብሽም።

ይህ ሌንስ የማይችለው አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይጨልምበታል። 135 ላይ ስትደርሺ አፐርቸሩ ከ5.6 በላይ አይከፈትም፣ አይሶውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ማድረስሽ አይቀርም፤ በማኅሌት መሃል ፍላሽ ማብራት ደግሞ ነውር ነው። ለዚያ ጊዜ ቀዳዳዋ ሰፊ የሆነውን ትንሿን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ኤስቲኤም በኋላ ጨምሪ፣ ርካሽ ናት። ጓሳ ላይም ጭላዳዎቹ ከቀረቡሽ 135 ይበቃል፣ ቀይ ቀበሮ ግን ነጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው። ለእሱ 55-250 ኤስቲኤም ነው መልሱ፣ ገንዘብ ሲገኝ።

ይህን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ማንም አይነግርሽም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ጠዋት በብርድ ተነስተሽ በጣርማ በር ዋሻ አልፈሽ ሸዋ ሮቢት ሰርግ ስትወርጂ፣ የቀዘቀዘው ሌንስ ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ላብ ያወጣል። ቦርሳውን ሳትከፍቺ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፣ እስኪሞቅ። እኔ በመንዝ ባና (በሱፍ ብርድ ልብስ) ጠቅልዬ ነው የምወርደው፣ ሰው ይስቅብኛል፣ ሌንሴ ግን ፈንገስ አያውቅም። ደብረ ሲና ጉም ውስጥ ካነሳሽም ማታ ቦርሳ ውስጥ አትቆልፊው፣ አውጥተሽ አድርቂው።

ለጥያቄሽ ከእኔ በፊት መልስ ሲሰጥ «75-300 ግዢ፣ ርካሽ ነው» ያለሽ ወንድም አለ። ከካሜራ ጋር በካርቶን ደርበው የሚሸጡት የካኖኑ 75-300 ስሪ (ሦስተኛው ስሪት) ማረጋጊያ የለውም፣ እጅሽ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ፎቶው አለቀ። በ75 ደግሞ የሙሽራዋን ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ለማንሳት ግድግዳ አፍርሰሽ ወደ ጎረቤት ግቢ መውጣት አለብሽ። ያገኘሽውን ሌንስ ጎንና የፊቱን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ ከመክፈልሽ በፊት አየዋለሁ።