ማርትሬዛ ልትገዢ ላሰብሽው እህት፣ ከመክፈልሽ በፊት አንብቢው

እህቴ፣ ስለ ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ መልክ ስላለባት ከብር የተሠራች ሳንቲም፣ የጠየቅሽውን አየሁት። ኮዬ ፈጬ እንደምትኖሪ ጽፈሻል። ቴሌግራም ላይ «የ1780 ኦሪጅናል ማርትሬዛ፣ ከ240 ዓመት በላይ ታሪክ ያለው፣ የምስክር ወረቀት ያለው፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ የቀረው» የሚል ማስታወቂያ አይተሽ ለልጅሽ ማስቀመጫ ልትገዢ ነው። ሲያድግ ወንድሜ አሜሪካ ይሸጥልኛል ብለሻል። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ፌክ ነው»፣ ግማሾቹ «አሪፍ ነው፣ ግዢ» ብለው አልፈዋል። ሁለቱም አይጠቅምሽም። እኔ ይሄ ነገር አማቼ ላይ ደርሶ እስከ ጥግ ሄጄበታለሁ። አባቴም ብር አንጥረኛ ነበር፤ ማርትሬዛ ቀልጣ መስቀልና አምባር ስትሆን እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ትንሽ ብረዝምብሽ ታገሺኝ።

1. ፌክ ነው አይደለም የሚለውን ቶሎ ጨርሺው። ማርትሬዛ 28 ግራም ከትንሽ ትመዝናለች። ወርዷ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ማግኔት አይስባትም። በውፍረቷ በኩል ያለው ጠርዟ ላይ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለ፤ ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ተይው። የድሮ ነጋዴ የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የዕንቁ ጌጥ ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር ይባላል። አንቺ ግን አንዱ ወርቅ ቤት ግቢና ሚዛን ላይ አስቀምጡልኝ በይ፣ በቃ። ይሄ ቀላሉ ነው። ሻጭሽ ብልጥ ከሆነ ደግሞ (ከማስታወቂያው ብልጥ ይመስለኛል) እውነተኛ ብር ነው የሚሸጥልሽ። አማቼ የገዟቸው ስድስቱም እውነተኛ ብር ነበሩ። ችግሩ ሌላ ጋ ነው።

2. 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜዋን አይነግርሽም። ማሪያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፣ በፈረንጆች። ገንዘቧን ግን የእኛም አገር የዓረብም ነጋዴ ለምዶት ስለነበር፣ ሌላ መልክ ያለው ሲመጣለት አልቀበልም አለ። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይነኩ መምታቱን ቀጠሉ። ቪየና ላይ ተመታ። ሙሶሎኒ አገራችንን ሊወር ሲነሳ መምቻውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታ። እንግሊዞች ለንደን ላይ፣ በኋላም በጦርነቱ ጊዜ ቦምቤይ ላይ መቱ። ፓሪስና ብራስልስ ላይም ተመትቷል። ኦስትሪያ ዛሬም እየመታች ለሰብሳቢ ትሸጣለች። ሁሉም ላይ 1780 ይላል! አያትሽ ሙዳይ ውስጥ የነበረችውም፣ በቅርቡ ከማሽን የወጣችውም ያው 1780 ናት። ሻጩን «ዋሽተሃል» ብትዪው «ምኑን ዋሸሁ? እዩት፣ ተጽፏል» ነው የሚልሽ። እኛን እንደዚያ ነው ያለን፣ ያውም እየሳቀ።

ማስታወቂያውን ቀስ ብለሽ አንብቢው። «ከ240 ዓመት በላይ ታሪክ ያለው» ነው የሚለው። የያዛት ሳንቲም 240 ዓመቷ ነው አላለም። «ጥቂት ፍሬ የቀረው» ሱቁ ውስጥ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ እንጂማ ማርትሬዛ በመቶ ሚሊዮኖች ተመትታለች። የምስክር ወረቀቱ ደግሞ የጉድ ነው። የወርቅ ቀለም ማኅተም፣ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ሁሉ ነገር አለው። የሚመሰክረው ግን ክብደቷንና የብሯን ንጽሕና ነው፣ ከሺህ 833። የት ተመታች፣ መቼ ተመታች የሚል አንድ ቃል የለውም። አማቼ ይሄን ወረቀት በላስቲክ አስለብጠው ሳሎን ከሠርግ ፎቷቸው ሥር ሰቅለውት ነበር።

3. ማስታወቂያውን አስቀምጪው። አንድም ጥያቄ ከመጠየቅሽ በፊት ስክሪንሾት አንሺው፣ ለራስሽም ፎርዋርድ አድርጊው። ይሄን ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ።

አማቼ ለገጣፎ ነው የሚኖሩት። ከቤት ኪራይ ያጠራቀሙትን ገንዘብ «ባንክ ውስጥ ይሟሟል፣ ይሄ ግን አይሟሟም» ብለው ስድስት ማርትሬዛ ገዙ፣ አንዷን በ38 ሺህ ብር። ለእኛ ትንፍሽ አላሉም። ለዕድር ጓደኞቻቸው ግን ማስታወቂያውን ፎርዋርድ አድርገው «እናንተም ሳያልቅ» ብለዋቸዋል። እኔ ነገሩን ሰምቼ የሻጩን ገጽ ስከፍት «የ1780 ኦሪጅናል» የሚለው የለም። አርመውት «የማርትሬዛ መልክ ያለው የብር ማስታወሻ» ሆኗል። የዕድር ሽማግሌዎቹ ስልክ ውስጥ ያለው ግን እንደነበረ ተቀምጧል፤ ፎርዋርድ የተደረገን ነገር ሻጩ ቢያርመው አይነካውም።

ሁለተኛው ዕድላችን ደግሞ አማቼ ስልክ ላይ መጻፍ አለመውደዳቸው ነው። ድምፅ ነው የሚልኩት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ በንግሥቲቱ ጊዜ የተመታ ነው አይደል?» ብለው ጠይቀዋል። የሱቁ ሠራተኛ ልጅም በድምፅ «አዎ አባባ፣ በእሷ ጊዜ የተመታ ነው፣ ምንም አያስቡ» ብላለች። ማስታወቂያው ላይ ያልተባለው ውሸት እዚህ ላይ ተባለ። አንቺም ይህንኑ ጥያቄ ጠይቂ፣ መልሱን በጽሑፍ ወይም በድምፅ ተቀበዪ። «ደውዪልኝ» ካሉሽ አትደውዪ።

ከዚያ እኔ አንድ ነገር አደረግሁ፣ እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል። ከስድስቱ አንዷን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቼ ወደዚያው ሱቅ ላክሁት። «የአያቴ ናት፣ ስንት ትገዙኛላችሁ?» እንዲል። ሰውዬው መዳፉ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አደረጋትና «ይሄ እኮ በየቤቱ ያለ ነው፣ በግራም ነው የምንይዘው» አለው። የሰጠው ዋጋ ከ4 ሺህ ትንሽ ፈቅ ያለ ነው። ራሱ በ38 ሺህ የሸጣት ሳንቲም! ልጁ እንደተነገረው «እሺ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ፣ ለእናቴ ላሳያት» አለው፣ ጻፈለት። ያ ቁራጭ ወረቀት ዛሬም እኔ ጋ አለ።

አሁን የሸማች አቤቱታ ወደሚቀርብበት የንግድ ቢሮ ልምጣ፣ ምክንያቱም አንቺም እንደ አማቼ የሸገር ከተማ (አዲስ አበባ ሳይሆን ዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ከተማ) ነዋሪ ስለሆንሽ ይሄ አይቀርልሽም። አንዱ ቢሮ «ሻጩ ፈቃዱ አዲስ አበባ ነው፣ እዚያ ሂዱ» አለን። እዚያ ስንሄድ «እናንተ ነዋሪነታችሁ እዚህ አይደለም» ተባልን። የመጀመሪያው እንኳ በትሕትና ነው ያለው። የሁለተኛው ቢሮ ልጅ ግን ቀና ብሎ ሳያየን፣ ስልኩን እየነካካ፣ አማቼን «አንተ ማስታወቂያ አምነህ ገዝተህ እኛን ምን አድርጉ ነው የምትለው?» አላቸው። አንተ! ሰባ ያለፋቸውን ሰው። አማቼ ባርኔጣቸውን አንስተው ዝም ብለው ወጡ። እኔ ዝም አላልኩም፣ ያልኩትን ግን እዚህ አልጽፈውም። ለማንኛውም ስሚኝ፤ ነጋዴው የተመዘገበበት ቦታ ያለው ቢሮ ሂጂና አቤቱታዬን ተቀበሉኝ ብለሽ ድርቅ በዪ። አቤቱታሽን በጽሑፍ አድርጊና ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ካላረፈ ከበሩ አትውጪ። በቃል ያቀረብሽው ነገር እንዳልቀረበ ቁጠሪው። በማግስቱ «ማን ነበርሽ?» ይሉሻል።

ደብዳቤው ላይ ሁለት አዋጅ ጥቀሺ። አንዱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ሌላው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004። አሳሳች ማስታወቂያ በሁለቱም የተከለከለ ነው። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብትም አለው። የሚገርመው፣ ቢሮው ገና ለደብዳቤያችን መልስ ሳይሰጥ ሱቁ ነው የተርበደበደው። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዤ ገባሁ። ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር። የልጅቷን ድምፅ በላውድ ስፒከር ከፈትኩት፣ ከዚያ የግዢ ዋጋ የጻፉባትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ባለቤቱ ወዲያው «ጋሼ ይቀመጡ፣ ቡና ይምጣ» ማለት ጀመረ። ያን ቀን «ጋሼ» ማለት ቻለበት።

ገንዘቡን መለሱ፣ ግን ተቆራርጦ። ግማሹን ያኔ፣ ቀሪውን ስንት ጊዜ ደጅ አስጠንተውን። «የማሸጊያና የምስክር ወረቀት ወጪ» ብለውም ቆርጠውበታል። እኔ በፍጹም ብዬ ነበር፣ አማቼ ናቸው «ተወው ልጄ፣ ይብቃ» ያሉት። እስካሁን ያንገበግበኛል። ደረሰኙም ቢሆን «ጌጣጌጥ» ነበር የሚለው፣ ማርትሬዛ የሚል አልነበረበትም። ደረሰኝሽ ላይ የገዛሽው ዕቃ በስሙ መጻፉን እዪ።

4. ዋጋ። አንዷ ማርትሬዛ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚተምነው በአውንስ ነው፤ አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው። ስለዚህ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በሦስት አራተኛ አባዢው፣ ወደ እኛ ገንዘብ ቀይሪው። አዲስ የተመታች ከሆነች ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ መግዛት ያለ ነው። እጥፍ ድርብ ከጠየቁሽ ግን ያንን ትርፍ የምትከፍዪው ለዕድሜዋ ነው፣ ዕድሜዋን ደግሞ ማንም አላረጋገጠልሽም። በእርግጥ በቀደምት ዓመታት የተመቱና ውድ የሆኑ አሉ። እነሱን በመምቻው ጥቃቅን ልዩነት የሚለይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ቴሌግራም ላይ «ሳያልቅ ፍጠኑ» የሚል ሰው እንዲህ ዓይነት ባለሙያ አይመስለኝም።

የወንድምሽን ነገር በተመለከተ፦ ሳንቲሟ በእውነት ጥንታዊ ከሆነች የቅርስ ጉዳይ ይመጣል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይይዙባችኋል። አዲስ ከሆነች ደግሞ አሜሪካዊው ከኦስትሪያ በቀጥታ ያዝዛታል፣ ያንቺን ለምን ብሎ ይፈልጋል? በሁለቱም በኩል ስሌትሽ አይሄድም። ለልጅሽ ማስታወሻ ብቻ ከሆነ ግን ጥሩ ነገር ነው፣ በግራሟ ዋጋ ግዢለት።

እስከዚያው ሻጩን «የተመታችበትን ከተማና ዘመን ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ» በዪው። የሚልሽን እዚህ አሳውቂን። ፎቶ ከላከልሽ ደግሞ የፊቷን ተዪውና የጠርዟን አስልኪ፣ እኔ አይልሻለሁ።