ነርሲንግ ወይስ የጎዳና ዳንስ ቴአትር? ለአንዲት የፊላደልፊያ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ምላሼን ሌሎችም ስለሚያነቡት ጉዳይሽን በአጭሩ ላስቀድም። ሃያ አንድ ዓመትሽ ነው፤ ምዕራብ ፊላደልፊያ ከእናትሽ ጋር ትኖሪያለሽ፤ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለነርሲንግ የሚያበቁትን ኮርሶች እየወሰድሽ የአናቶሚና ፊዚዮሎጂን የመጀመሪያ ክፍል ጨርሰሻል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ያደግሽው በአንድ የኢትዮጵያውያን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ሲሆን፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሃውስ በተባለው የክለብ ሙዚቃ የሚጨፈረውን የሃውስ ዳንስ ትማሪያለሽ። አሁን አንድ አነስተኛ የጎዳና ዳንስ ቴአትር ቡድን የሃውስ ሙዚቃን ከጎስፔል (ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን) ዝማሬ ጋር አዋህዶ በሚያዘጋጀው ሥራ ላይ እንድትሳተፊ ጋብዞሻል፤ ልምምዱ ለዐሥር ሳምንት፣ በሳምንት አራት ምሽት ነው። የጠየቅሽኝም ሦስት ነገር ነው፦ ይህ ሥራ እንጀራ ይሆናል ወይ? ባሌ የተባለውን የአውሮፓውያን የመድረክ ዳንስ ሳልማር ይሆንልኛል ወይ? «ጭፈራ ደግሞ ሙያ ሆነ ወይ?» ለምትለኝ እናቴስ ምን ልበላት?

ሁለተኛው ጥያቄ መልሱ አጭር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ባሌ አለመማርሽ ከዚህ ሥራ አያስቀርሽም። የከተማሽ ልጅ የሆነው ኮሪዮግራፈር ረኒ ሃሪስ «ፑርሙቭመንት» የተባለውን ቡድኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ሲመሠርት (ሌሎቹንም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) መነሻው የሰሜን ፊላደልፊያ ጎዳና እንጂ የባሌ ስቱዲዮ አልነበረም። በ2000 የሮሚዮና ጁልዬትን ታሪክ በጎዳና ዳንስ ለመድረክ ያበቃ ሲሆን፣ በ2018 ደግሞ ታዋቂው የአልቪን ኤይሊ ዳንስ ቴአትር በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን ባለ ሁለት ገቢር ሥራ ያሠራው እሱን ነው። በነገራችን ላይ በየሳምንቱ ክፍል ውስጥ የምትረግጪው «ፓ ደ ቡሬ» ስሙ ከባሌ የተወሰደ ነው፤ ከኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት የሚለውን ሦስት እርምጃ የሃውስ ዳንሰኞች ጉልበታቸውን አላልተው ወደ መሬት ስላወረዱት የራሳቸው ሆነ እንጂ።

ጉድለትሽ ሊታይ የሚችለው ሌላ ቦታ ነው። ሰው ክብ ሠርቶ በሚጨፍርበት ሳይፈር ውስጥ ያልታሰበ ነገር ማምጣት ያስመሰግናል፤ በቴአትር ግን ሐሙስ ማታ በቆምሽበት ቦታ ላይ ዓርብ ማታም ካልቆምሽ መብራቱ የሚያበራው ባዶ ወለል ነው። ስለዚህ ከልምምዱ በፊት ባሉት ሳምንታት ያለሽን ትርፍ ጊዜ አዲስ እርምጃ በመልቀም አታጥፊው። የአንድ ደቂቃ ቅንብር አበጅተሽ፣ በስልክሽ እየቀረጽሽ፣ ያንኑ ሃያ ጊዜ ሳታዛንፊ መድገምን ብትለምጂ ይሻልሻል።

የላክሽልኝን ሬዝሜ ሳነብ ያዘንኩበት አንድ ነገር አለ፤ የዐሥራ አራት ዓመት የመዘምራን አገልግሎትሽን ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ሌሎች» በሚል ርዕስ ሥር ቀብረሽዋል። ለዚህ ሥራ ከፊት መቅደም የነበረበት እሱ ነው። ጎስፔልና ሃውስ የአንድ ከተማ ልጆች መሆናቸውን አስተማሪዎችሽ ነግረውሽ ይሆናል። ቀድሞ የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች የነበረው ቶማስ ዶርሲ በ1930ዎቹ ቺካጎ በሚገኘው ፒልግሪም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን እየመራ የዘመኑን የጎስፔል መዝሙር ያበጀ ሰው ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ «ዓለማዊ ነው» ብለው በር የዘጉበት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በዚያው ከተማ ከ1977 ጀምሮ ፍራንኪ ናክልስ የተባለው ዲጄ «ዌርሃውስ» በተሰኘ ክለብ ያጫውተው የነበረው ሙዚቃ ከቤቱ ስም ተቆርሶ «ሃውስ» የሚለውን መጠሪያ አገኘ።

ሁለቱ በመድረክ ላይ ሲገናኙ የማይጣሉበት ምክንያት ከታሪኩም በላይ በምቱ ውስጥ አለ። ሃውስ በደቂቃ 120 ገደማ ምት ይመታል፤ ትልቁ ከበሮ በእያንዳንዱ ምት ላይ ሲወርድ ጭብጨባው በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ያርፋል፤ የጥቁር አሜሪካውያን ጉባኤም የሚያጨበጭበው እዚያው ላይ ነው። የመዘምራናችሁ መሪ አዝማቹን አልለቅ ብሎ ሰባት ስምንት ጊዜ ሲያስደግመው፣ ቃሉ ሳይለወጥ የጉባኤው ሁኔታ ሲለወጥ አይተሻል። የጎስፔል ዘማሪዎች ይህን ቦታ «ቫምፕ» ይሉታል፤ የሃውስ ዲጄም ጥቂት መስመር ቆርጦ ደጋግሞ የሚያዞረው ለዚሁ ነው። ሽብሸባ ላይ ከሠላሳ ሰው ጋር እኩል ዝቅ ማለትን፣ እኩል መተንፈስን፣ አዝማቹ መቼ ሊያበቃ እንደሆነ ከመሪው ትከሻ ማንበብን ተምረሻል። በስቱዲዮ ብቻ ያደገ ዳንሰኛ ይህን በዐሥር ሳምንት አይደርስበትም፤ ቡድኑም አንቺን የመረጠው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን ግማሹን ታሪክ ይዘሽ እንዳትገቢ። ዌርሃውስንም ሆነ በኒው ዮርክ ከ1977 እስከ 1987 የቆየውን ፓራዳይዝ ጋራዥን ያቆሙት በአብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ የሆኑ፣ ብዙዎቹም ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ በመሆናቸው ከሌላው ቦታ የተገፉ ወጣቶች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል በቤተ ክርስቲያን ያደጉ ጥቂት አልነበሩም። ሃውስን ከጎስፔል ጋር የሚያጣምር ቡድን ብዙ ጊዜ «ማኅበረሰብ» ሲል እነዚህን ሰዎችም ማለቱ ነው። ከእነሱ ጋር ልትለማመጂ፣ ልትጓዢ፣ ከእነሱም ልትማሪ ነው። ይህን በግልጽ የምጽፍልሽ ኋላ በቤተ ክርስቲያን ወይም በቤት ጥያቄ ሲነሣ ያልጠበቅሽው ነገር እንዳይሆንብሽ፣ በልምምድም መካከል ሰው እንዳታስቀይሚ ነው።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። የመድረክ ክፍያ ብቻውን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ የቤት ኪራይ አይከፍልም። በዚህ መስክ ኑሯቸውን የሚገፉ ሰዎች ገቢያቸው የሚገኘው ከብዙ ቦታ ነው፦ ከትርኢት፣ ከስቱዲዮ ክፍል፣ ከጉዞ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቡድኑ በትምህርት ቤቶች፣ በወጣት ማዕከላትና በአረጋውያን ቤቶች ከሚያካሂደው ሥልጠና። በርዳታ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ቡድን ድጋፉን ከሚያገኝባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው የማኅበረሰብ ሥራ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የምትጠቅም ዳንሰኛ የትርኢቱ ወቅት ሲያልፍም ትፈለጋለች። ስለዚህ ዳይሬክተሩን ስታገኚ «ለአንድ ትርኢት ስንት ትከፍላላችሁ?» ከሚለው ጋር «የማስተማሩ ሥራ ለማን ይሰጣል? ልምምድ ላይ ያለ ሰው ሊያገኘው ይችላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። በፔንሲልቬንያ ከልጆች ጋር ለመሥራት ሦስት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ከክልሉ ፖሊስ፣ ከሕፃናት ጥቃት መዝገብና በጣት አሻራ ከኤፍ ቢ አይ የሚሰጡ ናቸው። ወረቀቱ ጊዜ ስለሚፈጅ ዛሬውኑ አመልክቺ፤ ተዘጋጅቶ የተገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን ይወስደዋል።

ክፍያው በምን መልክ እንደሆነም ሳታውቂ እንዳትጀምሪ። ተቀጣሪ አድርገው፣ ደብሊው ቱ በሚባለው የተቀጣሪ የግብር ቅጽ ከያዙሽ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) መዋጮውን ግማሽ አሠሪው ይከፍልልሻል። ኡበር የሚነዱ አባቶቻችን አሳምረው በሚያውቁት 1099፣ ማለትም በራሱ ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው ቅጽ፣ ከሆነ ግን 15.3 በመቶው ከነሙሉው የአንቺ ዕዳ ነው፤ የገቢ ግብሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ይመጣል፤ በዓመት አራት ጊዜም ግምታዊ ታክስ መክፈል ሊኖርብሽ ይችላል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ጉዳቱ ነው። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ ወጣት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ቡድን ውስጥ ያለጽሑፍ ውል ሲለማመድ፣ በስሚንቶ ላይ በተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ላይ ከዝላይ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት። በ1099 ስለነበር የሥራ ላይ ጉዳት መድን አልሸፈነውም፤ ለትርኢቱ የታሰበለትም ክፍያ «አልተጫወትክም» ተብሎ ቀረ። የሃውስ የእግር ሥራ ፈጣን ነው፤ ክብደትሽ በደቂቃ መቶ ጊዜ በጉልበትሽና በቁርጭምጭሚትሽ ላይ ይመላለሳል። ስለዚህ የልምምዱን ወለል ሄደሽ በእግርሽ ርገጪው፤ ከሥሩ እንጨት የሌለው ከሆነ ለሳምንት አራት ምሽት አይሆንም። በእናትሽ የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ ከሆንሽ ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላሽ መቆየት ትችያለሽና፣ አምስት ዓመት አለሽ ማለት ነው። ስለ ገንዘብ ስትወስኚ ይህን ጊዜ መለኪያ አድርጊው ብዬ እመክርሻለሁ።

ትምህርቱን በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው፤ ግብዣውን ተቀበይ፤ ኮሌጁን ግን አታቋርጪ። የአናቶሚና ፊዚዮሎጂን ሁለተኛ ክፍል በቀን ፈረቃ ውሰጂና ሌላውን ኮርስ ለሚቀጥለው ወቅት አቆዪው። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች የቆየ የሳይንስ ውጤት ስለማይቀበሉ፣ መሐል ላይ ከተውሽው የመጀመሪያውን ክፍል እንደገና መውሰድ ሊመጣብሽ ይችላል። ኮርስ ከመቀነስሽ በፊት ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን አነጋግሪ፤ የፌደራል ብድር ካለብሽ ከግማሽ ጊዜ ተማሪነት በታች ስትወርጂ ብድሩን መክፈል ከመጀመርሽ በፊት ያለው የስድስት ወር የእፎይታ ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። ሁለቱ የአናቶሚ ኮርሶች ለነርሲንግ ብቻ አይደሉም፤ በሁለት ዓመት ዲፕሎማና በፈቃድ ፈተና የሚገባበት የፊዚካል ቴራፒ ረዳትነትም ይፈልጋቸዋል፤ ዳንሰኛ ሆኖ የዳንሰኛን ጉልበት ማከም የሚችል ሰው ደግሞ ሥራ አያጣም። የዳንስ ዲግሪ ካማረሽ ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ በከተማሽ አለ። ሆኖም ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ አርትስ በሰኔ 2024 በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ ብቻ ተዘግቶ የዳንስ ተማሪዎቹ ሲበተኑ ካየሁ ወዲህ፣ ብድር ተበድሮ የጥበብ ትምህርት ቤት ለሚገባ ሰው የተቋሙን የገንዘብ አቋም እንዲጠይቅ ሳልነግር አላልፍም።

ስለ እናትሽ። አዝማሪ ሲናቅ ባየ አገር ላደገች ሴት ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። ግን በአገራችንም በብሔራዊ ቴአትርና በሀገር ፍቅር የወር ደመወዝ እየተከፈላቸው የኖሩ ተወዛዋዦች እንዳሉ ታውቃለች። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና ላይ ይኖሩ ከነበሩ ልጆች ጋር የተጀመረው አዱኛ የዳንስ ቴአትር ዓለም አቀፍ ኮሪዮግራፈሮችን አፍርቷል፤ ከእነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 በታዋቂው ጃፓናዊ ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ለመሠልጠን በዓለም አቀፍ ፕሮግራም ተመርጧል። ይህን ንገሪያት፤ ብቻ እሷን የሚያሳምናት ምሳሌ ሳይሆን ወረቀት እንደሆነ እገምታለሁ። የሳምንቱን ሰሌዳ፣ ክፍያውን፣ የኮሌጅ ምዝገባሽንና ማታ በምን ተሳፍረሽ እንደምትመለሺ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈሽ አሳያት።

አንድ ነገር ግን ለእሷም ለቤተ ክርስቲያንሽም ሳትደብቂ ማጥራት አለብሽ። ዳይሬክተሩን በቴአትሩ ውስጥ የትኞቹ መዝሙሮች እንደሚገቡና በምን ትዕይንት ላይ እንደሚዘመሩ ጠይቂውና የማትሠሪው ነገር ካለ ልምምድ ሳይጀመር ንገሪው፤ ሚና ከተደለደለ በኋላ ማፈግፈግ ሌሎችን ይጎዳል። የመዘምራን መሪሽንም ፎቶሽ ያለበት ፖስተር ሳይለጠፍ ራስሽ አነጋግሪው። ምናልባት ለጊዜው ከአገልግሎት ዕረፊ ይልሽ ይሆናል፤ ያን ቢልሽ ዝግጁ ሁኚ።

ውሉ በጽሑፍ ሲደርስሽ ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝና አብረን እናነበዋለን። ለመጀመሪያው ክፍት ልምምድ ለእናትሽ አንድ ወንበር አስይዢላት፤ የማታ ፈረቃ እንደምትሠራ ጽፈሽልኛልና ቀኑን ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ንገሪያት።