ድሮን ግቢህ ላይ እየቆመ ከሆነ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ድሮን ከግቢህ በላይ ደጋግሞ እየቆመ ነው፣ የፖሊስ ይሁን የጎረቤት አላወቅኩም፣ መትቼ ላውርደው ወይ የሚል ነው። እኔ ለካርታ ሥራና ለጣሪያ ፍተሻ ድሮን አበራለሁ። ከሪሞቱ በኩል ሆኜ የማየውን ልንገርህ።

መምታቱን እርሳው። በብዙ አገር ሕግ ድሮን እንደ አውሮፕላን ነው የሚታየው፤ ወንጀለኛው አንተ ትሆናለህ። ባትሪውም ሊቲየም ነው፣ ወድቆ ከተሰነጠቀ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ምን ያያል ላልከው፣ እንደ ካሜራው ነው። ሰፊ ሌንስ ብቻ ባለው ድሮን 100 ሜትር ላይ ሆኜ ሳይ፣ ሰው ስክሪኔ ላይ ጭንቅላትና ትከሻ ነው፤ ፊቱ አይለይም። ዙም ካለው ግን ከዚያው ከፍታ ንቅንቅ ሳልል ከጣሪያ ቆርቆሮ የላላ ሚስማር እለያለሁ። ሚስማር ከታየኝ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው አይቀርም። ከታች ያለው ሰው ይህን በምን ያውቃል? ድምፁ ያው ድምፅ ነው። የሙቀት ካሜራ ግድግዳ ሰንጥቆ ያያል የሚባለው ግን ወሬ ነው፤ የሚያነበው የግድግዳውን ገጽ ሙቀት ነው።

አንድ ደንበኛ ጣሪያውን ካስፈተሸኝ በኋላ «እግረ መንገድህን የጎረቤቴንም ግቢ ቅረጽልኝ» አለኝ። እምቢ አልኩ። የበረራ ፈቃዴ ግን ስለዚህ ነገር አንድ መስመር የለውም! ከፍታው፣ ክብደቱ፣ ከኤርፖርት መራቁ፣ ሁሉም ግጭት እንዳይፈጠር የተጻፈ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ትንሽ ይሻላል፦ ድሮኑ ከ250 ግራም ቢያንስም ካሜራ ካለው፣ አሻንጉሊት ካልሆነ በቀር፣ አብራሪው ይመዘገባል።

የፖሊስ ከሆነስ? የፓሪስ ፖሊስ በኮሮና ጊዜ ድሮን ሲያበር «ከ80 እስከ 100 ሜትር ላይ ነን፣ ዙም አንጠቀምም፣ ምስልም አናስቀምጥም» ብሎ ነበር። የፈረንሳይ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 አስቆመው። ድሮኖቹ ዙም አላቸው፣ ዝቅ ብለውም መብረር ይችላሉ፣ ይህን የሚከለክል ቴክኒካዊ ልጓም የለባቸውም አለ። እኔ ይህን ውሳኔ እወደዋለሁ፤ «አላደርግም» ብሎ ቃል መግባትና ማድረግ አለመቻል ለየቅል ናቸውና። የአሜሪካዋ ባልቲሞር ደግሞ ከተማዋን ከአውሮፕላን ስታስቀርጽ ሰው በምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር። ቀረጻው ግን 45 ቀን ይቀመጥ ነበር። ነጥቧ ማታ የት እንደገባች፣ ጠዋት ከየት እንደወጣች ከተከተልካት ማንነቷ ይወጣል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2021 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ።

ስለዚህ ሰዓቱን፣ የመጣበትንና የሄደበትን አቅጣጫ መዝግብ፤ በስልክህም ቅረጸው። አንዳንድ አገር ድሮኑ መለያ ቁጥሩንና የአብራሪውን ቦታ በሬዲዮ እንዲያሰራጭ ይገደዳል፤ በስልክ መተግበሪያ ልታነበው ትችላለህ። ስሙን ግን የሚያገኘው ባለሥልጣኑ ነው። ከዚያ ለፖሊስም ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ ጻፍ፦ በየትኛው ሕግ ነው የምታበሩት፣ ቀረጻው ስንት ቀን ይቀመጣል፣ ለማን ይሰጣል? «ለጸጥታ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ሁለተኛዋን ጥያቄ ብቻ ለይተህ መልሰህ ጠይቅ። ደብዳቤህን ስታስገባ ደግሞ ቅጂው ላይ ማኅተም ሳያሳርፉልህ እንዳትወጣ።