ወንድሜ መጠጥ ሲያቆም ለምን ባሰበት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ታላቅ ወንድሜ 9 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሲጠጣ ነው የኖረው፣ ጠዋት ሳይቀምስ ከአልጋ አይነሳም። ባለፈው ወር በቃኝ ብሎ ማለ፣ እኛም ደስ ብሎን በር ቆልፈን ቤት አስቀመጥነው። በማግስቱ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የውሃ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ እንኳን ደረቱ ላይ ነው የደፋው። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ደሞ ግድግዳው ላይ ጉንዳን አለ እያለ በመዳፉ ሲጠርግ አደረ። እናቴ አላስችላት ብሎ ትንሽ ቀዳችለት፣ ተረጋጋ፣ በዛው ተመልሶ ገባበት። እኔ እሷን ነው የምወቅሰው፣ እሷ ደሞ ልትገድሉት ነበር ትለኛለች። አሁን እንደገና ላቁም እያለ ነው፣ እኔ የምወስደው የእንቅልፍ ኪኒን አለ፣ ብሰጠው ይቀለው ይሆን?

መልስ፦ ከኪኒኑ ልጀምር እህቴ፣ እንዳትሰጪው። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ሁለቱም ትንፋሽ ያዘገያሉ፣ አንድ ላይ ሲገናኙ ሰው እንደተኛ መተንፈስ ሊያቆም ይችላል፣ ተደብቆ እንዳልጠጣ ደሞ በምን ታውቂያለሽ።

እናትሽ መጠጥ መስጠቷ መፍትሄ ባይሆንም ፍርሃቷ ግን ልክ ነው። አልኮል ጭንቅላት ላይ እንደ ፍሬን ነው የሚሰራው፣ ለዓመታት ፍሬን ሲያዝበት ጭንቅላት ደሞ ለመንቀሳቀስ ነዳጁን አብዝቶ መርገጥ ይለምዳል፣ መጠጡ በአንዴ ሲቀር ፍሬኑ ይለቃል ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ነው። መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ የልብ ምት መፍጠኑ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 24 ሰዓታት ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በ2ኛና በ3ኛው ቀን አካባቢ ደሞ ዲሊሪየም ትሬመንስ የሚባለው አለ፣ ትኩሳት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ የት እንዳለ መርሳት፣ ይሄ ካልታከመ ይገድላል። ጉንዳኑ ቀልድ አልነበረም። ብዙ ሰው ግን ለማቆም ፍላጎት ስለሌለው ነው የሚንቀጠቀጠው ይላል፣ እኔ በበኩሌ ይሄ ወሬ ያናድደኛል።

ስለዚህ በር መቆለፍ ይቅር። ሳያቆም በፊት ሀኪም ጋ ውሰዱት፣ እስከዛ በአንዴ አያቋርጥ። ሀኪሙ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድሃኒት በልክ ሰጥቶ ትንፋሹን እያየ በየቀኑ ይቀንስለታል፣ አዎ ምናልባት ካንቺ ኪኒን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ልዩነቱ መጠኑንና ሰዓቱን የሚቆጣጠር ሰው መኖሩ ነው። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጡታል፣ ብዙ የሚጠጣ ሰው ያጥረዋል፣ ሲያጥር ደሞ አካሄድና የማስታወስ ችሎታ ይጎዳል።

በመሃል ካንፈራገጠው በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ግራ ከገባው ወይ የሌለ ነገር ማየት ከጀመረም እንደዛው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ዛሬ ማታ አብራችሁት ተቀመጡና ስንት እንደሚጠጣ፣ የመጀመሪያውን በስንት ሰዓት እንደሚቀምስ፣ ያለፈው ወር ምን እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ አሳንሳችሁ አትጻፉ፣ መድሃኒቱ የሚለካው በሱ ነው። ስትሄዱ እናትሽም ትምጣ፣ ያን ሌሊት አጠገቡ የነበረችው እሷ ናት።